ባልትና ቤት የተበጠበጠ ቀለም

እኔ የምሸጠው በርበሬ፣ ሽሮና እርድ ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ዘግይቶ የገባኝ ግን ሌላ ነው፤ ባልትና ቤት የሚሸጠው እምነት ነው። በዚህ ከተማ ቅቤው ሙዝ፣ ማሩ ስኳር፣ በርበሬው የተፈጨ ሸክላ ነው እየተባለ በየታክሲው ይወራል። እንዲህ ባለ ዘመን አንዲት እናት ከእኔ ሱቅ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ስትገዛ «ይሄ ሰውዬ ሸክላ አልቀላቀለበትም» ብላ ራሷን አሳምና ነው። ሸክላ መኖሩን አላየችም። አለመኖሩንም አላየችም። ያየችው የእኔን ፊት ብቻ ነው። ፊቴን አይታችሁት ቢሆን ኖሮ ንግዴ እስካሁን እንዴት እንደቆመ ትገረሙ ነበር።

ሱቄ ጀሞ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ግራውንድ ላይ። ወንድ ሆኖ ባልትና መክፈት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሴቶቹ ገብተው ዙሪያውን ይቃኙና «ባለቤቷ የለችም?» ይሉኛል። «ባለቤቷ እኔ ነኝ» ስላቸው አንዳንዶቹ ሚስቴ የሞተችብኝ መስሏቸው በሐዘኔታ ሩብ ኪሎ ሽሮ ይገዛሉ። ሚስቴ ሰናይት በሕይወት አለች፤ ያለችውም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባልትናውን ግን አትወደውም፤ ኮረሪማ ሲሸታት ታስነጥሳለች።

ሱቄን ያቆሙልኝ እትዬ ብርቄ ናቸው። ከእኛ ጎን ባለው ብሎክ ነው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት። ብዙ አይናገሩም። ብቻ ለቅሶ ቤት ወጥ ሲቀመስ «ይሄ ሽሮ የማን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ የእኔን ሱቅ በአገጫቸው ጠቆም ካደረጉ፣ በሳምንቱ የሽሮ ጆንያዬ ባዶ ይሆናል። ማስታወቂያ የምትሉት ነገር ለእኔ የእትዬ ብርቄ አገጭ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያጠፋሁት በዱቄት ሙጫ ነው።

ልጄ ኤዶም ኬጂ ሁለት ናት። ትምህርት ቤቷ በሀይሌ ጋርመንት በኩል ነው፤ መኖሪያ ቤት የነበረ ግቢ ዝሆንና ቀጭኔ ተሥሎበት ትምህርት ቤት የሆነ። መምህሯ ሚስ ሰላም ትባላለች። ወጣት ናት፤ ልጆቹን ከልቧ ትወዳለች፤ አንድ ችግር ብቻ አለባት፤ ቅዳሜና እሑድ ስልኳ ላይ ያየችውን ሁሉ ሰኞ እኛ ወላጆች ላይ ትሞክራለች።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሣችና፣ «ልጆቹ ቀለም አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱ የሱቁ ቀለም ያሳስበኛል። ቤት ውስጥ ካለን ነገር ብንሠራላቸውስ? ከዱቄት፣ ከአትክልት… የመጫወቻ ሊጥም እንደዚሁ» አለች።

ወላጁ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልክ ተደወለለት። ያልተደወለለት ጫማውን ማሰር ጀመረ። እኔ ያደረግሁት ነጠላ ጫማ ነበር፤ ማሰሪያ የለውም። በዚህ ምክንያት ከሚስ ሰላም ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«የክፍሉን በሙሉ ለእኔ ተዉት» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ አሁንም አልገባኝም። ኤዶም አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት ብታዩት እናንተም ለከተማው ሁሉ ቀለም በጥብጬ አቀርባለሁ ትሉ ነበር። ወዲያው ዞር ብላ ከኋላዋ ላለችው ጓደኛዋ «አባቴ ቀለም መሥራት ይችላል» አለቻት። እስከዚያ ደቂቃ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

ቤት ስገባ ሰናይት ገና ሳልጨርስላት፣ «ኩሽናዬ አትገባም» አለችኝ።

«ለልጅሽ ትምህርት ቤት እኮ ነው።»

«ሳሙና እሠራለሁ ያልክ ጊዜም ለቤታችን ነበር። ድስቴ እስካሁን አረፋ ይተፋል። ሱቅህ ውስጥ ሥራው።»

ሱቄ ውስጥ! አንድ ሰው በዚህ ጊዜ «ተው፣ ባልትና ቤት ውስጥ ቀለም አይሠራም» ቢለኝ ምን ነበረበት? ማንም አላለኝም። ይልቁንም ነገሩ ሁሉ የተመቻቸ መሰለኝ። እርዱ እዚያው፣ ዱቄቱ እዚያው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃዬም እዚያው። የጎደለኝ ዕቃ ብቻ ነበር።

ጎረቤቴ ሙላቱ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል፤ ሚስማር፣ ቧንቧ፣ የግድግዳ ቀለም። «ባዶ የቀለም ጣሳ አለህ?» አልኩት።

«ምን ልትቀባ ነው?»

«ልጆች።»

«እሺ» ብሎ ሰጠኝ። ሙላቱ የሰው ጉዳይ ውስጥ ገብቶ አይፈተፍትም። ለዚህም ነው በኋላ ያ ሁሉ ጥያቄ ሲመጣበት ግራ የተጋባው።

ጣሶቹን በፈላ ውሃና በኦሞ አጠብኳቸው፤ ፈተግኳቸው፤ ወተት ቢቀዳባቸው የማያሳፍሩ ሆኑ። ይህን የምላችሁ ስለ ውስጣቸው ነው። ውጪያቸው ላይ ግን የአንድ ያማረ ቪላ ሥዕልና የግድግዳ ቀለም መሆናቸውን የሚናገር ጽሑፍ እንዳለ ቀረ። ያን መላጥ ነበረብኝ። አላጥኩትም። ልጆቹ ቪላውን ይወዱታል አልኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት ገበያው ቀዝቀዝ ሲል እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ዱቄትና ውሃ እሳት ላይ ጥዶ ማማሰል ነው፤ ሚስ ሰላም የላከችልኝ ቪዲዮ ላይ አንዲት ሴትዮ እየሳቀች ነው የምትሠራው። የመጀመሪያው ድስት ገንፎ ሆነብኝ። ቀልዴን አይደለም፤ እውነተኛ ገንፎ ነው የሆነው። በርበሬው መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ቅቤ ከጎን ሱቅ ተበደርኩ፤ በላሁት። ሁለተኛው ቀጥኖ አጥሚት ሆነ። እሱንም ጠጣሁት። ሦስተኛው ላይ ጠገብኩና ሥራው ተቃና።

ቢጫው ቀላል ነበር። እርድ አያሳፍርም፤ አንዴ ጣል ሲያደርጉበት ሙጫው እንደ መስቀል አደይ ፈካ። ለአረንጓዴው ቆስጣ ወቅጬ በጨርቅ ጨመቅሁ። ለጥቁሩ ከሰል ደቁሼ በወንፊት ነፋሁ። ቀዩ ላይ ስደርስ ምን እያሰባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አይ፣ በርበሬ አልጨመርኩም። ልጅ ዓይኑን እንደሚያሽ አውቃለሁ፤ ያን ያህል እንኳ አልወረድኩም። ቀይ ሥር ነው የቀቀልኩት። ሙጫው ውስጥ ሲገባ እንደ ታመመ ጉበት ጠይም ሆኖ አስደነገጠኝ፤ ሎሚ ሳንጠባጥብበት ግን ነፍስ ዘራና የሠርግ ከረሜላ መሰለ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ሰው በዕድሜው አጋማሽ የማያውቀውን ተሰጥኦ ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚሆነው።

እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው እትዬ ብርቄ የገቡት።

በነጋታው ረቡዕ ስለሆነ ለጾሙ ሽሮ ሊገዙ ነው የመጡት፤ ባዶ ዘንቢል በክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል። እኔን ያገኙኝ እስከ ክርኔ ቢጫ ሆኜ፣ የእርዱ ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ከፊቴ የግድግዳ ቀለም ጣሳ ተደርድሮ፣ በትልቅ ማንኪያ ሳማስል ነው።

«ምነው ልጄ፣ ሱቁን ልታስቀባው ነው?» አሉ።

የዚህ ጥያቄ መልስ «ለኤዶም ትምህርት ቤት ነው» የሚል ነው። አጭር ነው፤ እውነት ነው፤ ምንም አያስከፍልም። እኔ ግን ያደግሁት መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ያደገ ሰው ለጠየቁት ነገር በቀጥታ መልስ ከሰጠ የተሸነፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ቀና ሳልል፣ ፊቴን ጭፍግግ እንዳደረግሁ፣

«ኧረ አይደለም እትዬ ብርቄ። እርዱ ደብዝዞብኝ ፈካ እንዲል ቀለም እየነካካሁት ነው። ይድረቅና ፈጭቼ ከዚሁ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው።

አልኩና ሳቃቸውን ጠበቅሁ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ነው የሚስቁት። ነጠላው አልተነሣም። ጣሳውን አዩ። ቪላውን አዩ። ክንዴን አዩ። ከዚያ መደርደሪያዬን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ አንድ በአንድ፣ የማያውቁት ሰው ቤት እንደገባ ሰው አዩ።

«እ…» አሉ። «ለካ ቦርሳዬን ረስቼ ነው የወጣሁት። መጣሁ።»

ቦርሳቸው ብብታቸው ሥር ነበረ።

በዚያች ቅጽበት ተከትያቸው መሮጥ ነበረብኝ። «እትዬ፣ ቀልዴን ነው፤ ለሕፃናት ነው» ማለት ነበረብኝ። ግን ምድጃው ላይ የጣድኩት የቆስጣው ሙጫ ገነፈለ፤ እሱን ለማትረፍ ዞርኩ። እስከ ዛሬ ሌሊት ስነቃ የምቆጨው በሌላ በምንም አይደለም። አንድ ድስት ቆስጣ ቢፈስ ምን ይመጣ ነበር? ምድጃው ይጠረጋል፣ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት ጣሶቼን በካርቶን አድርጌ፣ ኤዶምን በእጄ ይዤ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ገና በሩ ላይ፣ «ፋዘር፣ ቀለሙን እግርህ ሥር! ሰው እንዳትቀባብኝ!» ብሎ ጮኸ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ትንሽ ከሄድን በኋላ አፍንጫውን ወደ ካርቶኑ ሰደድ አድርጎ፣

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ቆስጣ ነው?» አለኝ።

«ቀለም ነው።»

አሰበበት። «የጾም ነው?»

«የጾም ነው» አልኩት። ምን ልበለው? እውነት ነው።

ትምህርት ቤት የሆነውን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ልጆቹ ጣታቸውን እየነከሩ ፀሐይ ሣሉ። ሁሉም ፀሐይ ነው የሣሉት፤ ቢጫው በልጦባቸው። ከቀለሙ ጋር ሠርቼ ያመጣሁላቸውን የመጫወቻ ሊጥ እባብ አደረጉት። ኤዶም ከጣሳ ጣሳ እየዞረች እንደ አስጎብኚ ታስረዳለች፤ «ይሄ እርድ ነው፤ ይሄ ቆስጣ ነው። አባቴ ሱቁ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሱቃችን ሙሉ ቀለም ነው!»

አንድ ናቲ የሚባል ልጅ ጣቱን ላሰ። ሌሎቹም አዩት። ሚስ ሰላም ልትከለክል ስትል እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ «ተያቸው ሚስ፣ ምግብ ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ የቢጫው ጣሳ ግማሹ ወረቀት ላይ፣ ግማሹ ሆድ ውስጥ ገባ።

ከሰዓት ወላጆች ሊወስዷቸው መጡ። እርድ እጅ ላይ እንዴት እንደሚቆይ እናንተም ታውቃላችሁ። ከናፍሩ ቢጫ፣ መዳፉ ቢጫ፣ ጆሮው ሳይቀር ቢጫ የሆነ ሕፃን ሲወጣላት የናቲ እናት እሪ አለች።

«የወፍ በሽታ ነው! ልጄን የወፍ በሽታ ያዘው!» የዓይኑን ቆብ ገልብጣ አየች። ዓይኑ ደህና ነው። «ምንድን ነው የበላኸው?»

«ቀለም» አለ ናቲ።

«ቀለም?! ማን ነው የሰጠህ?»

«የኤዶም አባት። ሱቁ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሙሉ ቀለም ነው።»

ልጁ አንዲት ቃል አልዋሸም። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ የለሁም፤ ሱቄ ተመልሼ፣ ዛሬ ለምን ሰው አልገባም እያልኩ ባንኮኒ እወለውላለሁ።

ወሬውን ማን ከማን እንዳገናኘው አላውቅም። የእትዬ ብርቄ ቃል ከብሎኩ ወረደ፤ የናቲ ቃል ከትምህርት ቤት መጣ፤ መንገድ ላይ ተገናኝተው ተቃቀፉ። ሐሙስ ጠዋት በነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዲት ሴት በድምፅ መልእክት ላከች። «እህቶቼ፣ ስም አልጠራም፤ የሰው እንጀራ መዝጋት አልፈልግም። ብቻ እዚሁ ጀሞ፣ ግራውንድ ላይ ያለ ወንድ ባልትና ሻጭ…» በአካባቢው ያለ ወንድ ባልትና ሻጭ እኔ ብቻ ነኝ። ስሜን ብትጠራው ይሻለኝ ነበር፤ ሞክሼ አይጠፋም።

መልስ መስጠት አለብኝ አልኩ። ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ሚስ ሰላም፣ ስለ ዱቄት ሙጫ። ማስረጃ ደግሞ አያይዤ ላክሁ፤ ያን ዕለት ማክሰኞ ራሴን ያነሣሁትን ፎቶ። እኔ ፈገግ ብዬ፣ ከኋላዬ የበርበሬ መደርደሪያ፣ በአንድ እጄ የእርድ ዕቃ፣ በሌላው የግድግዳ ቀለም ጣሳ።

ፎቶውን ግሩፑ ሁሉ አየው። ከዚያ አንዷ ጻፈች። «በገዛ እጁ አመነ።»

ከዚያ በኋላ ሱቄ ላቦራቶሪ ሆነ። የሚገዛ የለም፤ የሚመረምር ግን ሞልቷል። አንዷ ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጥታ በርበሬዬን ነስንሳበት ዓይኗን ብርጭቆው ላይ ተክላ ቆመች፤ ደንበኛ የመጣ መስሎኝ ወንበር ሁሉ አቅርቤላት ነበር። ሌላዋ እርዴን በሶፍት አሸችውና ሶፍቱን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

«ያው! ለቀቀ!»

«እህቴ፣ እርድ እኮ ነው። ሰማያዊ ይልቀቅልሽ እንዴ?»

ይቺንም ማለት አልነበረብኝም። «ሰማያዊም እንዳለው ራሱ ነገረኝ» ተብሎ ተወራ።

ሙላቱ ጋም ሄደው ጠየቁት። ደንግጦ ሱቄ መጣ።

«ስንት ጣሳ ሸጥክለት አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«እውነቱን ነዋ! ምንም አልሸጥኩለትም፤ የወሰደው ባዶውን ነው አልኳቸው።»

«ጎበዝ። እነሱስ ምን አሉ?»

አንገቱን አከከ። «‹ሙሉውን ከየት እንደሚያመጣው ብቻ ንገረን› አሉኝ።»

«ሙልዬ፣ በእናትህ፣ ከአሁን በኋላ ስለ እኔ እውነት እንዳትናገር።»

አርብ ማታ ወሰንኩ። ወሬን በወሬ መመለስ አልተቻለም፤ በአፌ ያመጣሁትን በአፌ ልመልስ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ሰው ሁሉ አስቤዛ በሚገዛበት ሰዓት፣ ጠረጴዛ በረንዳ ላይ አወጣሁ። ከትምህርት ቤት የተመለሱትን ጣሶች ደረደርኩ። አንድ ትልቅ ዳቦ ገዛሁ። «ይህ ቀለም ምግብ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ!» ብዬ ጮኽኩ። ለበርበሬ ያልመጣው ሰው ለዚህ መጣ። እትዬ ብርቄም ከበስተኋላ ቆመዋል፤ እሳቸውን ሳይ ልቤ ሞቅ አለ። አገጫቸውን ማስመለስ ነበር ሐሳቤ።

አንድ ነገር ግን አላሰላሁም። ዱቄትና ቆስጣ ከረቡዕ ጀምሮ በተከደነ ጣሳ ውስጥ፣ ያውም በዚያ ሙቀት፣ ምን እንደሚሆን። ቢጫውን ስከፍተው «ፍስስ» አለ። የፊት ረድፍ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ። እኔም መንቀሳቀስ ፈልጌ ነበር፤ ግን ጠረጴዛው የእኔ ነው።

ዳቦዬን ነክሬ ጎረስኩ። መኮምጠጡ! ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። «ይኸው! ምግብ ነው!» አልኩ።

«ዓይኑን እዩት፣ እያቃጠለው ነው» አለች አንዷ።

«አረንጓዴውንስ?» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ። «አረንጓዴውን! አረንጓዴውን!» ብለው ሌሎቹ ተቀበሉት፤ ስታዲየም መሰለ። አረንጓዴውን በላሁ። ቀዩን በላሁ። ጥቁሩ ላይ ስደርስ ከሰሉ ጥርሴ ላይ ተለጠፈ፤ ስልክ ደግነውብኛልና ፈገግ አልኩላቸው። ያን ፈገግታ በኋላ አይቼዋለሁ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው እኔም ጨው አልገዛም።

ከዚያ ሆዴ ተናገረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ግን ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ። ንግግሬን ሳልጨርስ ወደ ደረጃው ሮጥኩ። ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም፤ አራተኛ ፎቅ ያን ቀን የሩቅ አገር ያህል ራቀኝ። ቪዲዮው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው፤ ሆዱን የያዘ ሰውዬ ደረጃ ሲወጣ። «የራሱን ዕቃ ቀምሶ ፈረጠጠ» የሚል ተጽፎበታል።

ሰናይት ስኳርና ጨው በጥብጣ አጠጣችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«‹ለልጆች ነው› ብትላቸው ይበቃ ነበር እኮ» አለች።

«ቀልዴን ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔ ቀልድህን አውቄ አገባሁህ። ደንበኛ ግን አላገባህም።»

ሚስ ሰላም ለወላጆቹ ሁሉ ደብዳቤ ጽፌ ላስረዳ ብላ ነበር። አይሆንም አልኳት። አንድ ወላጅ ርእሰ መምህሯ ጋ ሄዶ «ቀለም የምታበላዋ መምህርት» ብሎ ከሷታል፤ እኔን ልታድን ብላ የራሷን እንጀራ እንድታጣ አልፈለግሁም። የሱቅ ቀለም ገዝተው ቀጠሉ።

በቀጣዩ ሳምንት ኤዶምን ለማምጣት ሄድኩ። ግቢው በር ላይ ስደርስ አንዲት እናት ኤዶምን አቁማ ጎንበስ ብላ ስታናግራት አየሁ፤ እኔን አላዩኝም።

«ማሚዬ፣ አባትሽ ቀለም ይሠራል አይደል?»

ኤዶም እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። ጥፍሮቿ ሥር ቢጫው ገና አልለቀቀም።

«አይ» አለች። «አባቴ ቀለም አይሠራም። በፊትም ሠርቶ አያውቅም።»

ሰናይት ነች እንደዚያ በያቸው ያለቻት፤ ራሷ በኋላ ነገረችኝ።  ታክሲ መያዣው ጋ ስንደርስ ኤዶም እጄን ሳብ አድርጋ፣

«አባዬ፣ ጥሩ አድርጌ ዋሸሁ?» አለችኝ።

ጎበዝ ልበላት? ልቆጣት?  ሙዝ ገዛሁላት። የፀሐይዋን ሥዕል ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፋው ነበር፤ ያን ዕለት ማታ አንሥታ አልጋዋ ሥር ከተተችው። እንድትመልሰው ለምኛት ነበር። «ሰው ቢያይስ?» አለችኝ።

ወራት አለፉ። አንዳንድ ደንበኛ ተመለሰ፤ ባብዛኛው አዲስ ተከራይ፣ ወሬውን ያልሰማ። ጆንያዎቼ ቶሎ አያልቁም፤ እኔም ቀልድ ቀንሻለሁ። ሰው ገብቶ «ደህና ዋልክ?» ሲለኝ «ደህና ዋልኩ» ብቻ ነው የምለው። እትዬ ብርቄ ሰላምታቸውን አልነፈጉኝም፤ ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው የቤተሰቤን ደህንነት ይጠይቃሉ። አይገቡም እንጂ።

በቀደም ዕለት ከሰዓት ዝናቡ ድንገት ወረደ። እትዬ ብርቄ ከታክሲ ወርደው እየተጣደፉ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ብሶባቸው በረንዳዬ ላይ ተጠለሉ። ወንበር አወጣሁላቸው። ፌስታል ይዘዋል፤ እኔን ሲያዩ በነጠላቸው ሸፈን አደረጉት። እኔም ያላየሁ መስዬ ወደ ሰማይ አየሁ።

ግን ፌስታሉ ተቀዶ ኖሮ፣ ከነጠላቸው ሥር ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ቢጫ ውሃ። ሲሚንቶው ላይ ወርዶ እንደ ብርቱካን ለስላሳ ጥርት ብሎ ይሮጣል። ንጹሕ እርድ እንደዚያ አይሮጥም። ንጹሕ እርድ ውሃ ሲነካው ይደፈርሳል፤ ዱቄቱ ካለበት ይዘቅጣል። እንዲህ ጥርት ብሎ የሚፈሰው ከፋብሪካ የወጣ ቀለም የገባበት ነው። ሽታም የለውም፤ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት።

ዝም ልል ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ትዝ አሉኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ ይሄን እርድ ከየት ገዙት?»

ፊታቸው ቀላ። «እ… እህቴ ናት ከመካኒሳ የላከችልኝ።»

«እባክዎን አይብሉት። ቀለም ገብቶበታል። ከእኔ ይግዙ እያልኩ አይደለም፤ ከፈለጉበት ይግዙ፤ ይሄን ብቻ ይጣሉት። እውነቴን ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። ቁጣ የለበትም አስተያየታቸው፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ሲቀባዥር እንደሚታየው ነው ያዩኝ። ከዚያ ፌስታሉን አፉን ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት።

«ይሁን ልጄ» አሉ ለስለስ ብለው፤ «ስለ ቀለምማ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል?»

ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ።

ዘንቦ እስኪያባራ አልጠበቅሁም። ባልዲና መጥረጊያ አውጥቼ በረንዳውን አጠብኩ፤ ሰው አይቶ ቢጫው ከእኔ ሱቅ የወጣ እንዳይመስለው።